ኢንቴክ ማኒፎልድ በእጅ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንቴክ ማኒፎልድ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ነው፤ አንድ የአየር ሳጥንና ከሳጥኑ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄዱ ቧንቧዎች አሉት። ማኒፎልድ ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው የሥራ ቦታዬ አንዳንዱ የተሰነጠቀውን ማኒፎልድ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ አንዳንዱ በስልኩ ፎቶ ይዞ ይመጣል። መልሱን በአንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የማወራው ስለ ተራ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ነው። ለስሌቱ እጄ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውን የቶዮታ 4ኤ ሞተር እጠቀማለሁ፦ 1,587 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 77 ሚሊ ሜትር።

ማኒፎልድ አየር ከማስገባት ሌላ ምን ሥራ አለው?

አየሩን ለአራቱም ሲሊንደር እኩል ያከፋፍላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ለአራቱም የሚረጨው ቤንዚን እኩል ስለሆነ፣ የአየሩ ክፍፍል ከተዛባ አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን ሲበዛበት ሌላው ያንሰዋል። ከዚህ ሌላ ቫኪዩም (የሳሳ አየር የሚፈጥረው መሳብ) የሚገኘው ከማኒፎልዱ ነው። የፍሬኑ ሰርቮ (የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራው በዚህ ቫኪዩም ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የማነሳው ማኒፎልድ ስትሠሩ የፍሬናችሁን አንድ ክፍል እየነካችሁ መሆኑን እንድታውቁ ነው።

አሮጌ ኦሪጅናል ከመግዛት መሥራት ይሻላል?

ኦሪጅናሉ ከተገኘ ግዙት። ሶማሌ ተራን አንድ ሙሉ ቀን መዞር ሁለት ሳምንት ከመቁረጥና ከማስበየድ ይቀላል። እኔ የምሠራው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፦ ሞተሩ ከሌላ ሞዴል ወጥቶ ተገጥሞ ኦሪጅናሉ ማኒፎልድ ከኮፈኑ ጋር ሲጋጭ፣ የውሃ መተላለፊያው ተበልቶ ብየዳ አልይዝ ሲል፣ ወይም የካርቡራተር ሞተር ወደ ኢንጀክሽን ሲቀየር። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በእጃችን ያሉት ሞተሮች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ የጠፋ ዕቃ ሠርቶ የሚተካ እጅ ያስፈልጋቸዋል። ለመማር ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ። ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ይህን ያህል የሚያስተምር ሌላ ሥራ አላውቅም።

አዲስ አበባ ላይ ጉልበት ይጨምርልኛል?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ መልሱም ጠያቂውን ብዙ ጊዜ ያሳዝነዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ሲሆን በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ሳይነሳ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን አጥቷል ማለት ነው። ይህን ማኒፎልድ አይመልሰውም። ማኒፎልድ የሚችለው ጉልበቱ በየትኛው ዙር ላይ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ሲዞር) እንደሚበረታ ማዛወር ነው፤ ከታች ወስዶ ከላይ ይሰጣል፣ ወይም ከላይ ወስዶ ከታች። ከለገሃር ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ የሚመላለስ መኪና ቀኑን ሙሉ ከ4,000 ዙር በላይ ስንት ጊዜ ይሄዳል? እንዲህ ላለ መኪና አጭርና ሰፊ ቧንቧ መግጠም ዳገት ላይ የሚያስፈልገውን ጉልበት መቀነስ ነው። በኢንተርኔት የምታዩዋቸው አጫጭር ቧንቧ ያላቸው ማኒፎልዶች ለውድድር መኪና የተሠሩ ናቸው።

የቧንቧው ርዝመት እንዴት ይሰላል?

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። የመግቢያ ቫልቩ ሲዘጋ በፍጥነት ይመጣ የነበረው አየር በድንገት ይቆምና የግፊት ማዕበል ይፈጠራል። ማዕበሉ በቧንቧው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የአየር ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ነጥሮ ይመለሳል። ክፍት አፍ ላይ የነጠረ ማዕበል ግን ተገልብጦ ነው የሚመለሰው፤ ግፊት የነበረው መሳሳት ይሆናል። ስለዚህ ግፊት ሆኖ ቫልቩ ጋ እንዲደርስ ሁለት ጊዜ ደርሶ መመለስ አለበት፤ የቧንቧውን ርዝመት አራት ጊዜ ይሄዳል። ቫልቩ ዳግም ሲከፈት ይህ ግፊት በሰዓቱ ከደረሰ ሲሊንደሩ ትንሽ ትርፍ አየር ይጎርሳል።

አሁን ቁጥሩ። ቫልቩ በተግባር 240 ዲግሪ ያህል ክፍት ቢሆን ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ከሚሞላው 720 ዲግሪ ውስጥ 480ው ዝግ ነው። በ5,000 ዙር አንድ ዙር 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ 480 ዲግሪ ደግሞ 16 ሚሊ ሰከንድ። ድምፅ ሞቅ ባለ አየር ውስጥ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ማዕበሉ በዚያ ጊዜ 5.6 ሜትር ይጓዛል። ለአራት ሲካፈል 1.4 ሜትር። ይህን የሚችል ኮፈን የለም፤ ስለዚህ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ እንዲመላለስ እንፈቅድለታለን። ለሁለት ስናካፍለው 70፣ ለሦስት 47፣ ለአራት 35 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ምልልሱ በበዛ ቁጥር ማዕበሉ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ቦታ እስካለ ድረስ ረጅሙን መምረጥ ይሻላል።

ይህ ርዝመት የሚቆጠረው ከቫልቩ እስከ ሳጥኑ አፍ ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ያለውን መንገድ ቀጭን ሽቦ አጥፋችሁ አስገብታችሁ ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነና 35 ከመረጣችሁ፣ የምትቆርጡት ቧንቧ ፍላንጁን (ከቴስታታው ጋር የሚታሠረውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ጨምሮ 25 ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንቅልፍ አትጡ፤ በዚህ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር የሚያዛውረው 140 ዙር ያህል ብቻ ነው።

ከፍታውን ለስሌቱ ማስገባት አለብኝ?

የለባችሁም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው፤ ግፊቱ ቢቀንስም አይለወጥም። በባሕር ወለል ላይ ላለ ሞተር የተሰላ ርዝመት እዚህም ይሠራል።

የቧንቧው ስፋትስ?

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ማስፋት ይወዳል። የ4ኤ ፒስተን በ5,000 ዙር በአማካይ በሰከንድ 12.8 ሜትር ይሄዳል። የቧንቧው ውስጥ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ቢሆን አየሩ በአማካይ በሰከንድ 65 ሜትር ይፈስሳል። ስፋቱን 50 ብታደርጉት ወደ 34 ይወርዳል። አየር ፍጥነት ሲኖረው ፒስተኑ መውጣት ከጀመረ በኋላም በራሱ ግስጋሴ መግባቱን ይቀጥላል፤ የዘገመ አየር ግን ፒስተኑ ሲገፋው ይመለሳል። ሁሌም ከቴስታታው ቀዳዳ ተነሱ። የማኒፎልዱ አፍ ከቴስታታው ቀዳዳ በጣም በትንሹ ጠበብ ቢል ችግር የለውም፤ ሰፍቶ በቴስታታው ጠርዝ ላይ ደረጃ ከፈጠረ ግን አየሩ ግንባሩን እየተመታ ይገባል።

የአየር ሳጥኑስ?

ለተራ ሞተር የሳጥኑ ይዘት ከሞተሩ ሲሲ ጋር ቢቀራረብ በቂ ነው፤ ለ1.6 ሊትር ሞተር ከ1 እስከ 1.6 ሊትር። ትኩረት የሚፈልገው የቧንቧዎቹ አፍ ነው። በሰጌቶ እንደተቆረጠ ሹል ሆኖ ከቀረ አየሩ ጠርዙ ላይ ይበጠሳል። አፉን እንደ ጡሩምባ ክፈቱት፤ ለ36 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክብነት ይበቃዋል። ትሮትል ቦዲው (ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር) በአንድ ጫፍ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ወደ ሌላኛው ጫፍ እያጠበባችሁ ውሰዱት።

በውሃ ቧንቧ መሥራት ይቻላል?

በጥቁሩ አዎ፤ በጋልቫናይዝዱ በፍጹም። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሲበየድ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ በትኩሳትና በብርድ ብርድ ያስተኛዋል፤ ሽፋኑም እየተላጠ ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። ባለ አንድ ከሩብ ኢንች ጥቁር ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 42.4 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 3.2 ሲሆን ውስጡ 36 ይቀራል፤ ለ4ኤ ልክ ነው። የሚበየዱ ጉልበቶችም በዚሁ ልክ ይገኛሉ።

ብረት ከባድ ነው፣ ይዝጋልም፤ ግን የትኛውም ጎበዝ በያጅ ይበይደዋል። አሉሚኒየም ቀላልና ንጹሕ ነው፤ የሚፈልገው ግን አርጎን ብየዳና በአሉሚኒየም ላይ የሠለጠነ እጅ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ብረቱን እመክራለሁ። በኤሌክትሮድ ካስበየዳችሁ ቅርፊቱ በቧንቧው ውስጥም ሊቀር ይችላል። አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ቫልቭና መቀመጫው መሃል ከገባች ቴስታታ መፍታት ነው። ከብየዳ በኋላ ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ በቤንዚን እጠቡ፣ በአየር ንፉ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በሽቦ አስራችሁ በእያንዳንዱ ቧንቧ ጎትቱ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትግጠሙ።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለብኝ የቱ ላይ ነው?

ፍላንጁ ላይ። ስለ ርዝመትና ስለ ሳጥን የጻፍኩት ሁሉ ቢሳሳት መኪናው ይሄዳል። ፍላንጁ ከጠመመ ግን ምንም አይሄድም።

የመጀመሪያ ማኒፎልዴን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ፍላንጁን ከ8 ሚሊ ሜትር ብረት ቆርጬ፣ ቀዳዳዎቹን በጓርኒሲዮኑ (በመሃል በሚገባው ማሸጊያ) ልክ አስምሬ፣ በወፍራም ሰሌዳ ላይ በቡሎን አሥሬ አስበየድኩት። ብየዳው ያማረ ነበር። መሽቶብኝ ስለነበር ገና ሳይቀዘቅዝ ቡሎኖቹን ፈትቼ ወሰድኩት። ጠዋት መስታወት ላይ በፊቱ ሳስቀምጠው እንደ አሮጌ ወንበር ይወዛወዛል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ተስበዋል፤ ከሥራቸው የስልክ ሲም ካርድ ያለ ችግር ይገባ ነበር። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ብረቱን ይጎትታል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቤና ሲሊኮን ቀብቼ ልገጥመው ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ሲሊኮኑ ተስቦ ገብቶ ሚኒሞው ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ማፏጨት ጀመረ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለብረት ቢያንስ 10፣ ለአሉሚኒየም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት እወስዳለሁ። ማሠሪያዬ አገልግሎቱን የጨረሰ የዚያው ሞተር ቴስታታ ነው፤ የቡሎኖቹ ቦታ በራሱ ልክ ስለሚሆን ሌላ መለኪያ አያስፈልገኝም። ሁሉንም ቧንቧ በነጥብ በነጥብ ካስያዝን በኋላ አንዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መሄድ የለም፤ አንደኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን በአጭር በአጭሩ እንበይዳለን። ከዚያ እንደታሠረ ያድራል። በማግስቱ ፈትቼ ፍሬዛ ቤት ወስጄ ፊቱን አስልጣለሁ።

ፍሬዛ ቤት የመሄድ አቅም ከሌለ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርጉ፤ የፍላንጁን ፊት በሙሉ በማርከር ቀቡና ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ፈትጉ። ቀለሙ መጀመሪያ የሚለቀው ከፍ ካለው ቦታ ነው። በሁሉም ቦታ እኩል እስኪለቅ ፈትጉ። ክንድ ያደክማል፣ ሰዓታትም ይወስዳል፤ ግን ይሠራል። መጨረሻ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስታስቀምጡበት 0.1 ሚሊ ሜትር ስስ የመለኪያ ቅጠል ከሥሩ የሚገባ ከሆነ እኔ አልቀበለውም።

የአሉሚኒየም ድስት የሚያቀልጡ ባለሙያዎች ሊያቀልጡልኝ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ በአሸዋ ማፍሰስን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ችግሩ ከሚቀልጠው ቁርጥራጭ ነው። ቆርቆሮ፣ ሽቦና የመስኮት ፍሬም አንድ ላይ ከቀለጠ የሚወጣው ብረት ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ድስት ላይ ምንም አይደለም፣ ማኒፎልድ ላይ ግን አየር ይስባል። የተሰበረ የአሉሚኒየም ሪም ከምናለሽ ተራ ገዝታችሁ እሱ ብቻ እንዲቀልጥ ጠይቁ። ሪም የሚሠራበት ሲሊኮን ያለው አሉሚኒየም በአሸዋ ሻጋታ ውስጥ በደንብ ይፈስሳል። ግድግዳውን ከ5 ሚሊ ሜትር አታሳንሱ። ሲወጣ አንዱን አፍ ደፍናችሁ ነጭ ጋዝ ሙሉበትና ውጪውን ኖራ ቀቡት። ሲያድር ኖራው የረጠበበት ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

የፍሬኑንና የሴንሰሩን ቱቦ የት ላውጣ?

ሁለቱንም ከሳጥኑ። ከአንዱ ሲሊንደር ቧንቧ ላይ ካወጣችሁት የግፊት ሴንሰሩ የአራቱን አማካይ ሳይሆን የአንዱን ትርታ ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን በዚያ ይመጥናል።

ለሰርቮው የሚሆነውን አፍ ቶርኖ ቤት አሠርታችሁ አስበይዱት፤ በማጣበቂያ የተለጠፈ የፍሬን ቱቦ ያለበትን መኪና ከጋራዥ አላስወጣም። በኦሪጅናሉ ቱቦ ላይ ያለውን አንድ አቅጣጫ ቫልቭ እንዳትጥሉ፤ ሞተር ቢጠፋም ለጥቂት ፍሬን የሚሆን ቫኪዩም የሚያስቀረው እሱ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ሚኒሞ ላይ ያለ ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ቫኪዩም ያሳያል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 13 ቢያሳይ ልክ ነው። ፍሬናችን ከመነሻው በትንሽ ቫኪዩም ነው የሚሠራው ማለት ነው፤ ለሚያፈስ ማኒፎልድ የሚተርፍ የለውም።

ካርቡራተር ላለው መኪናስ?

ይበልጥ ይከብዳል። በካርቡራተር ሞተር ማኒፎልዱ ውስጥ የሚሄደው አየር ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንም አብሮ ይሄዳል። ቤንዚኑ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል። ፋብሪካዎቹ የማኒፎልዱን ሆድ በሙቅ ውሃ ወይም በጭስ ማውጫው ሙቀት የሚያሞቁት ለዚህ ነው። ያለ ማሞቂያ የሠራችሁት በሐምሌ ጠዋት እየተንገጫገጨ ይነሳል። ትልቅ ሳጥን አትሥሩለት፤ ቧንቧዎቹም ቀጭንና አጭር ይሁኑ።

ለቱርቦ ይሆናል?

ግድግዳውና ብየዳው ጠንካራ ከሆነ ይሆናል። በቱርቦ ግፊት ያለው ማኒፎልድ ቢፈነዳ ግን ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ሊረጭ ይችላል። የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ አይሁን።

ከገጠምኩ በኋላ እንዴት ልፈትሸው?

ከመግጠማችሁ በፊት ጀምሩ። የቴስታታውን በኩል በጎማና በሰሌዳ፣ የትሮትሉን በኩል በክዳን ድፈኑና 0.3 ባር የማይበልጥ አየር ስጡት፤ የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባችሁ አረፋ ፈልጉ። ሲገጠም የሳጥኑን ክብደት የሚሸከም ድጋፍ ከሞተሩ ብሎክ ላይ አውጡለት፤ አለዚያ ንዝረቱ የፍላንጁን ብየዳ ይሰነጥቀዋል። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለትና በሦስት ዙር አጥብቁ።

ከዚያ ፍሬን። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው ቫኪዩም እያገኘ ነው። ካልወረደ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

እኔ የመንገድ ሙከራዬን እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል ቸርችል ጎዳና ላይ አደርጋለሁ። ከብሔራዊ ትያትር በኩል ወደ ፒያሳ በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነዳጁን ቀስ ብዬ እጨምራለሁ። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ከ2,000 እስከ 4,500 ዙር መውጣት አለበት። ላይ ስደርስ ዳር ይዤ አጠፋና ሲቀዘቅዝ አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ ጎን ለጎን ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። አራቱም አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ክፍፍሉ ተስተካክሏል። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ነጭ ከሆነ ያ ሲሊንደር ትርፍ አየር እያገኘ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያው ፍላንጅ ሥር የሚስብ ቦታ አለ።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትሮትሉን ልቀይር?

አትቀይሩ። ሚኒሞ ላይ የሚወጣና የሚወርድ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን የሚስተካከል ሞተር አየር እየሳበ ነው። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿም ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ቤንዚን ወይም ካርቡራተር ማጠቢያ እየረጩ ቀዳዳ መፈለግ የተለመደ ነው፤ ጭስ ማውጫው ከማኒፎልዱ ጋር በአንድ ወገን በሆነባቸው እንደ ላዳ ባሉ ሞተሮች ላይ ግን እሳት መጋበዝ ነው። በሳሙና ውሃ ፈልጉ፤ ውሃው ወደ ውስጥ የሚሳብበትና ሚኒሞው ለአፍታ የሚለወጥበት ቦታ እሱ ነው። መጀመሪያ የፍላንጁን ሁለት ጫፎች እዩ።